ካርዱ ለምን ከቦታው አይነሣም? በጋራ የሥራ ቦርድ ላይ የሚደጋገሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ይህ ጽሑፍ ቦርድ መክፈት፣ ዓምድ መጨመርና ሰው መጋበዝ ለሚያውቁ የሶፍትዌር ቡድኖች የተዘጋጀ ነው። ትኩረቱ ጊትሃብ ፕሮጀክትስ (ኮድ በሚቀመጥበት በጊትሃብ ላይ ያለው የሥራ ቦርድ) ሲሆን፣ ትሬሎን (ሌላ የሥራ ቦርድ አገልግሎት) የሚመለከቱ ነጥቦች በየቦታቸው ተጠቅሰዋል። በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም ከሚሠሩ ትናንሽ ቡድኖችና የመመረቂያ ፕሮጀክት ከያዙ ተማሪዎች የሚመጣው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ «ቦርዱ ተበላሸ» የሚል ነው። ሲመረመር ግን ቦርዱ ደኅና ሆኖ ካርዱ ከሥራው ጋር ሳይታሰር የቀረ ሆኖ ይገኛል።

ምልክት፦ ኮዱ መርጅ ተደርጓል (ከቡድኑ ኮድ ጋር ተዋሕዷል)፤ ካርዱ ግን «በሥራ ላይ» ከሚለው ዓምድ አልተነሣም

አዲስ የጊትሃብ ፕሮጀክት ሲከፈት ሁለት አውቶማቲክ ወርክፍሎዎች (በራሳቸው የሚሠሩ ደንቦች) በርተው ይመጣሉ። አንዱ ኢሹ (የተመዘገበ ሥራ ወይም ችግር) ሲዘጋ፣ ሌላው ፑል ሪኩዌስት (የኮድ ለውጥ ይዋሐድ የሚል ጥያቄ) መርጅ ሲደረግ የየራሳቸውን ካርድ ስታተስ (የሥራ ደረጃ) ወደ «ደን» (አልቋል) ይቀይራሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ፑል ሪኩዌስቱ መርጅ መደረጉ ብቻውን ኢሹውን እንደማይዘጋው ነው። ኢሹው በራሱ የሚዘጋው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ በፑል ሪኩዌስቱ መግለጫ ውስጥ «ክሎዝስ»፣ «ፊክስስ» ወይም «ሪዞልቭስ» ከሚሉት ቃላት አንዱ በላቲን ፊደል ከኢሹው ቁጥር ጋር፣ ለምሳሌ ከ#14 ጋር፣ ተጽፎ መገኘት አለበት፤ ፑል ሪኩዌስቱም የሚገባው ወደ ሪፖዚተሪው (የኮዱ ማከማቻ) ዲፎልት ብራንች (ዋና ተብሎ የተመረጠው የኮድ ቅርንጫፍ) መሆን አለበት። ቡድኖችን የሚጥላቸው ይህ ሁለተኛው ነው።

ቡድኑ በሆነ ቪዲዮ ላይ ያየውን ተከትሎ «ዴቨሎፕ» የሚባል ብራንች ይከፍትና የዕለቱን ሥራ ሁሉ ወደዚያ መርጅ ያደርጋል፤ ዲፎልት ብራንቹ ግን «ሜን» እንደሆነ ይቀራል። ጊትሃብ ከዲፎልት ውጭ ወዳለ ብራንች በሚሄድ ፑል ሪኩዌስት መግለጫ ላይ የተጻፉትን እነዚህን ቃላት አይቀበልም፤ ማገናኛ አይፈጥርም፤ ኢሹውንም አይዘጋም። ፑል ሪኩዌስቱ ራሱ በቦርዱ ላይ ካለ የእርሱ ካርድ ወደ «ደን» ስለሚሄድ ነገሩ የበለጠ ያምታታል፤ አንዱ ካርድ ሄዶ መንትያው ሲቀር የሚያይ ሰው ቦርዱ ተበላሸ ቢል አይፈረድበትም።

ለእህል ነጋዴዎች የመጋዘን መመዝገቢያ ይሠራ የነበረ አንድ የደብረ ማርቆስ ቡድን ሥራውን ለአማካሪው ሲያቀርብ ፕሮግራሙ በሚገባ ይሠራ ነበር፤ ቦርዱ ግን አብዛኞቹን ካርዶች «በሥራ ላይ» ብሎ ያሳይ ነበር። አማካሪው አስቀድመው ያዩት ቦርዱን ስለነበር፣ የቡድኑ አባላት የሠሩት እንዳልተሠራ ተቆጥሮባቸው ሲከራከሩ ዋሉ። በሌላ ቡድን ደግሞ ፍኖተ ሰላም ያለው አባል የጨረሰውን የደረሰኝ ማተሚያ ገጽ፣ ባሕር ዳር ያለችው አባል ካርዱ ክፍት ሆኖ ስላገኘችው ከባዶ ጀምራ ሠራችው፤ ሁለቱን ኮዶች ለማስታረቅ የወሰደው ጊዜ ገጹን ለመሥራት ከወሰደው በለጠ። ልጁ ሥራው ማለቁን በቴሌግራም ግሩፕ ጽፎ ነበር፤ መልእክቱ ግን ከበዓል ሰላምታዎች ሥር ተቀብሮ ቀርቷል።

ለማረጋገጥ ኢሹውን ይክፈቱና «ዴቨሎፕመንት» የሚለውን ክፍል ይመልከቱ፤ በኮምፒውተር ላይ በቀኝ በኩል ይገኛል። ፑል ሪኩዌስቱ በዚያ ካልተዘረዘረ ግንኙነት የለም ማለት ነው። ቀጥሎ የተዘጋውን ፑል ሪኩዌስት ከፍተው ከርእሱ ሥር ወደ የትኛው ብራንች እንደገባ ያንብቡ።

መፍትሔው እንደ ቡድኑ አሠራር ይለያያል። ዕለታዊው ሥራ ሁሉ ወደ «ዴቨሎፕ» የሚገባ ከሆነና ቡድኑ ካርድን «አልቋል» የሚለው ኮዱ እዚያ ሲደርስ ከሆነ፣ በሪፖዚተሪው ሴቲንግ ውስጥ ዲፎልት ብራንቹን ወደ «ዴቨሎፕ» መቀየር ነገሩን ይፈታዋል። ከዚህ በፊት ግን በጊዜ ሰሌዳ የሚነሡ የጊትሃብ አክሽንስ (ሥራዎችን በራሱ የሚያስኬድ የጊትሃብ አገልግሎት) ሥራዎች የሚሄዱት በዲፎልት ብራንች ላይ ብቻ መሆኑን ይወቁ፤ ሌሊት ሌሊት የዳታቤዝ ቅጂ የሚወስድ ሥራ ካለዎት ከቅያሬው በኋላ የሚነሣው በ«ዴቨሎፕ» ላይ ካለው ፋይል ነው፤ ፋይሉ እዚያ ከሌለ ጭራሹን አይነሣም። ክፍት የነበሩ ፑል ሪኩዌስቶችንም አንድ በአንድ እየከፈቱ ወደ የት እንደሚሄዱ ያረጋግጡ። በሌላ በኩል «አልቋል» ማለት ለተጠቃሚው ደርሷል ማለት ከሆነ ብራንቹን አይንኩ፤ ቃሉን ከቁጥሩ ጋር በኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) መልእክቱ ውስጥ ይጻፉት። እንዲህ የተጻፈ ቃል ኮሚቱ ዲፎልት ብራንቹ ላይ በደረሰ ጊዜ ኢሹውን ይዘጋዋል። እስከዚያው ካርዱ የሚቆይበት «ለሙከራ ዝግጁ» የሚል ዓምድ ይክፈቱለት።

አንድ ፑል ሪኩዌስት ሁለት ኢሹ የሚዘጋ ከሆነ ቃሉን በእያንዳንዱ ቁጥር ፊት ይድገሙት፤ አንዴ ጽፎ ቁጥሮቹን በነጠላ ሰረዝ መደርደር የመጀመሪያውን ብቻ ይዘጋል። «ይህ ሥራ #14ን ይዘጋል» ብሎ በአማርኛ መጻፍም ለሰው ጥሩ መግለጫ ነው፤ ጊትሃብ ግን የሚያውቀው የራሱን ቃላት ብቻ ነው።

«ደን» የሚለውን ዓምድ አማርኛ ለማድረግ የሚፈልጉ ሰዎች ስሙን አርመው ይቀይሩት እንጂ ሰርዘው አዲስ አይፍጠሩ። ሲሰረዝ በውስጡ የነበሩት ካርዶች ሁሉ ያለ ስታተስ ይቀራሉ። ይህን ያደረገ ሰው ካርዶቹን በእጁ ከመመለሱ በፊት ወርክፍሎዎቹ የትኛውን ስታተስ እንደሚያመለክቱ እንደገና ይይ፤ አለዚያ ከነገ ወዲያ ያንኑ አቤቱታ ይዞ ይመጣል።

ምልክት፦ ሥራ የተመደበለት ሰው «ማንም አልነገረኝም» ይላል

ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነው። በቦርዱ ግርጌ ርእስ ጽፎ ኢንተር መምታት የሚፈጥረው ረቂቅ ካርድ ነው። በረቂቅ ካርድ ላይ ሰው መመደብም ሆነ ስሙን መጥቀስ ይቻላል፤ ነገር ግን ካርዱ ወደ ኢሹ እስኪቀየር ድረስ ለዚያ ሰው ኖቲፊኬሽን አይሄድለትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ቡድኑ እርስ በርሱ ይወቃቀሳል። ረቂቅ ካርድ ሌብልና ማይልስቶንም አይቀበልም። ካርዱን ከፍተው ወደ ኢሹ ይቀይሩትና ሪፖዚተሪ ይምረጡለት። ረቂቅ ካርድ ያልበሰለ ሐሳብ ማስቀመጫ ነው፤ ሰው የተመደበበት ሥራ በረቂቅ ሊቆይ አይገባም።

ምልክት፦ ካርዶች ጠፉ

አልጠፉም። በዕይታው ላይ የተቀመጠውን ፊልተር ያንብቡ። አንድ አባል የራሱን ሥራ ብቻ ለማየት ፊልተር ጽፎ ሳያስቀምጠው ቢተወው ለውጡ የሚታየው ለእርሱ ብቻ ነው፤ «ሴቭ» ካለው ግን ያንን ዕይታ ለሚከፍተው ሁሉ ይቀየራል። የራስን ሥራ ለማየት አዲስ ዕይታ መክፈት የሚወስደው ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሁሉም የሆነውን ዕይታ በራስ ፍላጎት ማበላሸት ግዴለሽነት ነው። ፊልተሩ ንጹሕ ከሆነ አርካይቭ የተደረጉትን ይመልከቱ፤ ከዚያ መመለስ ይቻላል። ከቦርዱ የተሰረዘ ረቂቅ ካርድ ግን አይመለስም።

ምልክት፦ አማካሪው ወይም ደንበኛው ቦርዱን ቢያዩም ካርዶቹን ማንበብ አይችሉም

የፕሮጀክቱ ፈቃድና የሪፖዚተሪው ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። ፕሮጀክቱ ለሁሉም ክፍት ቢደረግ እንኳ ከግል ሪፖዚተሪ የመጣ ካርድ ለሪፖዚተሪው ፈቃድ ለሌለው ሰው አይገለጥም። ብዙዎች ሪፖዚተሪውን በአንድ ተማሪ የግል አካውንት ላይ ይከፍቱታል፤ በግል አካውንት ደግሞ የማንበብ ፈቃድ ብቻ መስጠት ስለማይቻል፣ የተጋበዘው ሁሉ ኮዱን የመቀየር መብት ይዞ ይገባል። ነጻ ኦርጋናይዜሽን (የቡድን አካውንት) ከፍተው ሪፖዚተሪውን ወደዚያ ያዛውሩትና ለአማካሪው «ሪድ» ብቻ ይስጧቸው።

ምልክት፦ ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ካርዱ ቀይ ሆነ

የዚህ መንስኤ የእኛው ነው። በስብሰባ ላይ «ሰኔ 30» ተብሎ ይወሰናል፤ መዝጋቢው ሰኔን ጁን አድርጎ ጁን 30 ይሞላል። ሰኔ 30 ግን ጁላይ 7 ስለሆነ ቡድኑ አንድ ሙሉ ሳምንት ተነጠቀ ማለት ነው። ልዩነቱም በሁሉም ወር አንድ አይደለም፤ እንደ ወሩና ጳጉሜን 6 እንደሆነችበት ዓመት ከ6 እስከ 11 ቀን ይደርሳል፤ ስለዚህ «ሳምንት መጨመር ነው» የሚለው አቋራጭ በመስከረም አይሠራም። ሰዓትን በተመለከተ በጊትሃብ ፕሮጀክትስ የቀን ሳጥን ውስጥ ሰዓት ስለማይሞላ ችግር የለም። በትሬሎ ግን ጠዋት 3 ሰዓት ለማለት 3:00 የሚሞላ ሰው ሌሊት 9 ሰዓትን መዝግቧል፤ ትክክለኛው 9:00 ነው። ቡድኑ በቃለ ጉባኤው ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ይጻፍ፤ ካርዱን የሚሞላውም ሰው ከራሱ ጭንቅላት ሳይሆን ከቃለ ጉባኤው ይገልብጥ።

ምልክት፦ የትሬሎ ቦርድ በድንገት ለንባብ ብቻ ሆነ

ከ2024 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ወዲህ በነጻ የሚሠራ አንድ ወርክስፔስ (ቦርዶች የሚሰባሰቡበት ክፍል) ከ10 በላይ ተባባሪዎችን አይፈቅድም። ቁጥሩ የሚቆጠረው በወርክስፔሱ እንጂ በየቦርዱ ስላልሆነ፣ በእንግድነት አንድ ቦርድ ላይ ብቻ የተጋበዘ ሰውም ይቆጠራል። የክፍሉን ቡድኖች በሙሉ በአንድ ወርክስፔስ ማጨቅ የዚህ ምክንያት ነው፤ ለየቡድኑ የራሱን ይክፈቱ።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

የግብዣ ሊንክ አልሠራ ካለ ጊዜው አልፎበት ይሆናል። የጊትሃብ ግብዣ በ7 ቀን ውስጥ ካልተቀበሉት ይሰረዛል፤ ለበዓል ወደ ሞጣ ወይም ወደ ቡሬ ሄዶ ኔትወርክ ሳያገኝ የሚሰነብት አባል ካለ ከመሄዱ በፊት ያስቀብሉት፤ ካለፈበትም አዲስ ይላኩ።

የዓምድ ገደብ ተቀምጦ ካርዶች ከገደቡ ካለፉ ብልሽት አይደለም፤ በጊትሃብ ፕሮጀክትስ ገደቡ ያሳያል እንጂ አይከለክልም።

የፕሮጀክቱ ባለቤት ስልኩ ጠፍቶ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ማለፍ ካልቻለ ከሚያድኑት ነገሮች አንዱ የመጠባበቂያ ኮዱ ነው። ኮዱን አትሞ ከስልኩ ውጭ ያስቀምጥ፤ በኦርጋናይዜሽኑም ላይ ከመነሻው ሁለት ሰዎች «ኦውነር» ይደረጉ።