በረካው ላይ ዒላማውን የሚስት ጠመንጃ

«ጋሼ፣ ይህ ዊንቸስተር ጠመንጃ አበደብኝ!» አለኝ የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ሞንታና ደውሎ። የአጋዘን አደን ሊከፈት አንድ ወር ቀርቶታል። እኔ ደሴ ሆጤ፣ ጀበናው አጠገብ ተቀምጫለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በጦር መሣሪያ ጥገና ነው፤ በማንሻ የሚቀባበለውን ይህን የ1894 ሞዴል ግን ፈትቼ የገጠምኩት እሱ ዘንድ የከረምኩ ጊዜ ብቻ ነው።

የኢላማውን ፎቶ አስላክሁት። አቦሉ መሐል ገብቷል፣ ቶናው ሦስት ጣት ከፍ ብሏል፣ በረካው ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ነው። ጥይት እንዲህ በተርታ ወደ አንድ ወገን ከሸሸ፣ አፈሙዙ ሲግል የሚገፋው ነገር አለ ማለት ነው። በየአቅጣጫው ቢበተን ኖሮ የላላ ብሎን ወይም የተነቃነቀ ማነጣጠሪያ እጠረጥር ነበር። የተኳሹንም ትከሻ፤ ይህን ግን ለእሱ አልነገርኩትም።

የዚህ ጠመንጃ የጥይት ካዝና ከአፈሙዙ ሥር የተንጠለጠለ ቱቦ ነው። አፈሙዙን፣ ቱቦውንና የፊቱን እንጨት አንድ ላይ የሚያስሩት የብረት ቀለበቶች ናቸው። አፈሙዙ ግሎ ሲረዝም ቱቦውና እንጨቱ አይከተሉትም፤ ስለዚህ ይጎብጣል።

እናንተም ይህ ከገጠማችሁ፣ ከመፍታታችሁ በፊት ጠመንጃውን አራግፉ። ቱቦው አታላይ ነው፤ አንድ ጥይት ውስጡ ሊቀር ይችላል። በዓይን እዩ፣ በጣት ዳስሱ።

ቀለበቶቹንና ቱቦውን አውጥታችሁ እንጨቱን ወደ ፊት ሳቡት። ከአፈሙዙ ሥር የጀበና ቂጥ ጥላሸት በስሱ ቀቡና እንጨቱን መልሳችሁ ግጠሙ፤ ከዚያ አውጡት። ውስጡ የጠቆረበት ቦታ ብረቱን የሚነካበት ነው። በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት ጥቂት ብቻ ፈግፍጉና እንደገና ሞክሩ። በጥድፊያ የተፋቀ እንጨት አይመለስም። የእንጨቱ የኋላ ጫፍም ከጠመንጃው አካል ጋር እንዳይገፋፋ የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ተዉለት። ስትገጥሙ የቀለበቶቹን ብሎኖች እስኪይዙ ብቻ አጥብቁ፤ ሰው ሁሉ ካቻቪቴ ሲይዝ ጉልበቱን ማሳየት ይወዳል።

አፈሙዙን ስታጸዱ የመወልወያው ዘንግ የሚገባው ከፊት ነው፣ ከኋላ መንገድ የለውም። ዘንጉ የአፉን ጠርዝ እየፋቀ ከጎዳው ጥይት አቅጣጫ ይስታል። ጥጥ በጠርዙ ላይ አዙሩ፤ ክሩ ከተያዘ እዚያ ጉድለት አለ።

ሾጣጣ ጥይት ይሻላል የሚላችሁን አትስሙ። በቱቦው ውስጥ የአንዱ ጫፍ ከፊቱ ባለው ጥይት ቂጥ ላይ ያለውን ማቀጣጠያ ስለሚነካ በርግጫው ሊፈነዳ ይችላል። ለዚህ ካዝና ተብሎ የተሠራ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ወይም ለስላሳ የሆነውን ብቻ ተጠቀሙ።

ስትተኩሱ የአሸዋ ከረጢቱን ከእንጨቱ ሥር እንጂ ከአፈሙዙ ሥር አታድርጉ። በ50 ሜትር ሦስት ጥይት ተኩሳችሁ አፈሙዙ በእጅ ሲነካ እስኪበርድ ጠብቁ። ጥይቶቹ ኢላማው ላይ አንድ ቦታ ሳይሰበሰቡ ማነጣጠሪያ አትንኩ። ሲሰበሰቡ የኋላውን ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት ጎን ግፉት፤ የፊቱን ከሆነ ግን ወደ ተቃራኒው።

ልጁ እሑድ ሌላ ፎቶ ላከልኝ። ሦስቱ ቀዳዳዎች የሲኒ አፍ ይሸፍናቸዋል፤ ሁለት ጣት ወደ ግራ ናቸው። «አሁን ማነጣጠሪያውን መንካት ትችላለህ» ብዬ ጻፍኩለት።