ጀልባዋን ውኃው ላይ ማስቀመጥ

የመጀመሪያዬን የቬኒስ ሥዕል የሠራሁት ለአንድ ካፌ ነው። ጠባብ ቦይ፣ አንድ ድልድይ፣ ሁለት ጎንዶላ (የቬኒስ ቀጭን ረጅም ጀልባ)። ባለቤቱ ቆም ብሎ አየና "ጀልባዎቹ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ" አለኝ። እውነቱን ነበር። ጀልባውን ስዬ፣ ከሥሩ ያንኑ ጀልባ ገልብጬ ደግሜዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የገባኝን ልንገራችሁ።

ብሩሽ ከመያዛችሁ በፊት ሳፋ አምጡ። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይበቃል፤ ጥቁር ቢሆን ይመረጣል። አራት ኪሎ ያለችው ክፍሌ መስኮቷ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ውኃ ሞልቼ እዚያ ሥር አስቀምጠዋለሁ። የክብሪት ቀፎ አንዱን ጎን ነጭ፣ ሌላውን ጥቁር ቀቡና አንሳፍፉበት። ቶሎ እንዳይርስ ሥሩን በሻማ እሹት።

መጀመሪያ ቆማችሁ ከላይ ተመልከቱ። የሚታያችሁ የሳፋው ታች ነው። ውኃ ከአናቱ ቀጥ ብሎ ከሚወርድበት ብርሃን የሚመልሰው ከመቶ ሁለት እጅ ያህሉን ብቻ ነው። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ተንበርከኩ። ዓይናችሁ ወደ ሳፋው ጠርዝ ሲቀርብ ውኃው መስታወት ይሆናል፤ መስኮቱም ሰማዩም ይገቡበታል። ሸራው ላይም እንዲሁ ነው። ከታች፣ እግራችሁ ሥር ያለው ውኃ የራሱን ጥቁር አረንጓዴ ይይዛል። ራቅ ያለው ሰማይ ይለብሳል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔ በፈረንጆች 1870ዎቹ ፓሪስ አጠገብ ባለችው የወንዝ ዳር ከተማ አርዣንቴይ ሲኖር ጀልባ ላይ ስቱዲዮ ነበረው፤ ዓይኑን ወደ ውኃው ዝቅ ማድረጉ ምን ያህል እንደጠቀመው ሳፋው ፊት ስንበረከክ ነው የገባኝ።

አሁን ቀፎውን እዩት። ነጩ ጎን ውኃው ውስጥ ደብዘዝ ይላል፣ ጥቁሩ ደግሞ ትንሽ ይነጣል። ጎንዶላ ጥቁር ነው፤ ነጸብራቁን ግን በጥቁር አትሥሩት። እኔ አልትራማሪን የሚባለውን ሰማያዊና በርንት አምበር የሚባለውን ቡናማ ቀለም ቀላቅዬ ከውኃው አረንጓዴ ጠብ አደርግበታለሁ። ደግሞ ውኃው ነገሩን የሚያየው ከሥር ነው። እናንተ ከቆማችሁበት የማይታያችሁ የድልድዩ ቅስት ሆድ ውኃው ውስጥ ይታያል። እኔ የሳትኩት ይህንን ነበር። ጥላና ነጸብራቅም አይምታቱባችሁ፦ ጥላ ፀሐይን ይሸሻል፤ ነጸብራቅ ግን ፀሐይ የትም ትሁን ቀጥ ብሎ ወደ እናንተ ይወርዳል።

አዲስ አበባ ያደገ ዓይን የቀትር ፀሐይን አናት ላይ ነው የሚያውቃት። ቬኒስ ሌላ ነው። እዚያ በሰኔ እንኳ ቀትር ላይ ከአድማስ ያላት ከፍታ ከ68 ዲግሪ አካባቢ አይዘልም፤ በታኅሣሥ ወደ 21 ዝቅ ትላለች። ስለዚህ በጠባብ ቦይ አንዱ ግድግዳ ይበራል፣ ሌላው ይጠልላል። ጥላ ያረፈበት ውኃ ላይ ደግሞ የፀሐዩ ግድግዳ ቢጫና ሮዝ ይፈስበታል። የሥዕሉ ሀብት እዚህ ጋ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ።

ሞገዱ ቀላል ነው። ሳፋውን በጣት ነካ አድርጉ፤ ነጸብራቁ ወደ ታች ይረዝማል፣ ይቆራረጣል። ብሩሹን አግድም አስኪዱ፤ ቅርቡን ሰፋ፣ ሩቁን ቀጠን አድርጉ። ነጭ ብልጭታ መጨረሻ ላይ፣ አምስት ስድስት ቦታ ብቻ።

አንድ ነገር ቀረች። ጀልባው ውኃውን በሚነካበት ቦታ ቀጭን ጥቁር መስመር አለች። አንድ ቦታ ላይ ስል ትሁን፣ ሌላ ቦታ ትጥፋ። የካፌውን ሥዕል አውርጄ መጀመሪያ ያስገባሁት እሷን ነው።