ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ሰርቨር የጭነት ቁጥሩ ለምን ይቆለላል? ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ከሚገኝ አንድ የጅምላ ንግድ ቤት ሰኞ ጠዋት ተደወለልኝ። ስደርስ ባለቤቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። «አንድ ባለሙያ ቁጥሩን አይቶ ማሽኑ ከአቅሙ በላይ ሆኖበታል፣ አዲስ ግዙ ብሎናል። እውነት አልቆለታል ልጄ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት አንድ ሰዓት ይስጡኝ» አልኋቸው።

ማሽኑ ኡቡንቱ ሊኑክስ የተጫነበት ባለ 4 ኮር ሰርቨር ነው። ሰዓቱ 2 ከ20 ነበር። የማሽኑን ሁኔታ የሚያሳየው ቶፕ የሚባለው ትእዛዝ ስክሪኑ ላይ እንደተከፈተ ነው፤ ከላይ ሦስት የጭነት ቁጥሮች ይታያሉ፦ 37.00፣ 36.98፣ 36.74። ለ4 ኮር 37 ማለት በእርግጥ ያስደነግጣል። ዓይኔን ዝቅ ሳደርግ ግን ፕሮሰሰሩ ከመቶ 99 እጁ ሥራ ፈት እንደሆነ ተጽፏል። እጄን በማሽኑ ጎን ላይ አሳረፍሁ፤ አልሞቀም። ማራገቢያው ድምፁ እንኳ አይሰማም። በድሬዳዋ ሙቀት 37 ሥራ በአንድ ጊዜ የሚያስኬድ ባለ 4 ኮር ማሽን ጎኑ እንዲህ ቀዝቅዞ አይገኝም።

እናንተም ይህን ካያችሁ፣ ማለትም ከፍተኛ የጭነት ቁጥርና ሥራ ፈት ፕሮሰሰር አንድ ላይ ከተገናኙ፣ ችግሩ የፕሮሰሰር አቅም አይደለም። አዲስ ማሽን ቢገዛም ያው ቁጥር ይመለሳል።

ቁጥሩ የሚቆጥረው ምንድን ነው?

ሦስቱ ቁጥሮች ያለፉትን 1፣ 5 እና 15 ደቂቃዎች የሚመለከቱ አማካዮች ናቸው። ብዙ ሰው የፕሮሰሰር ድካም መለኪያ ይመስሉታል። በሊኑክስ እንደዚያ አይደለም። ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ በየ5 ሰከንዱ ገደማ ሁለት ዓይነት ፕሮሰሶችን (የተነሡ ፕሮግራሞችን) ይቆጥራል፤ አንደኛው በፕሮሰሰር ላይ ያለ ወይም ተራውን የሚጠብቅ ነው። ሁለተኛው ከዲስክ ወይም ከኔትወርክ ማከማቻ መልስ እየጠበቀ የተኛና መልሱ እስኪመጣ በተራ ምልክት የማይቀሰቀስ ነው። ሁለተኛው በዝርዝር ውስጥ «ዲ» በምትለው ፊደል ይታወቃል።

ዳቦ ቤት ደጅ የተሰለፈውን ሰው ቆጥሮ «ምድጃው ተፋፍሟል» እንደማለት ነው። ሰልፉ የረዘመው ዱቄቱ ስላልመጣ ሊሆን ይችላል፤ ምድጃው ደግሞ ቀዝቅዞ ተቀምጧል።

ይህ በስሕተት የገባ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ማቲያስ ኡርሊክስ የሚባል ፕሮግራመር ያቀረበው ማሻሻያ ነው። ዘገምተኛ ዲስክ ማሽኑን ሲያዘገየው የጭነት ቁጥሩ ከመጨመር ይልቅ ይቀንስ ነበር፤ እርሱም ይህ ልክ አይደለም ብሎ ዲስክ የሚጠብቁትም እንዲቆጠሩ አደረገ። እኔም አሳቡ ትክክል ነው እላለሁ። ጥፋቱ ያለው ቁጥሩን ብቻ አንብበን ሰልፉን ሳናይ በምንፈርደው በእኛ ላይ ነው።

ወረፋ የያዘው ማን ነው?

ፒኤስ በሚባለው ትእዛዝ የፕሮሰሶቹን ዝርዝር ከነሁኔታቸው አውጡና «ዲ» ያለባቸውን ለይታችሁ ቁጠሩ። እኔ 37 አገኘሁ። ሁሉም የአንድ ፕሮግራም ልጆች ናቸው፤ በየሰዓቱ የሂሳብ መዝገቡን ቅጂ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ቀፊራ አጠገብ ባለው መጋዘን ወዳለ ማከማቻ ማሽን የሚልከው የባክአፕ ፕሮግራም ነው። የተነሡበትን ሰዓት ተመለከትሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት፣ የመጨረሻው ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት፤ በየሰዓቱ አንድ፣ ያለ ማቋረጥ። ከባለቤቱ ጋር ስንነጋገር ቅዳሜ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ እንደነበር አስታወሱ። ሰርቨሩ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ስላለው አልጠፋም፤ የመጋዘኑ ማሽን ግን የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የዲስክ ቦታ የሚያሳየውን ዲኤፍን አስሮጥሁና መልስ ሳይሰጥ ቀረ፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የመጀመሪያው ቁጥር 37.63 ደረሰ። የእኔው ጥያቄ 38ኛ ሆኖ ተሰልፏል ማለት ነው። የተያያዙትን ዲስኮች ስም ለማየት ከርነሉ ስለ ራሱ መረጃ በሚያሳይበት በፕሮክ ማውጫ ውስጥ ያለውን የማውንት (የተያያዙ ዲስኮች ዝርዝር) ፋይል ማንበብ ይሻላል፤ የጠፋውን ማሽን አይነካም።

መፍትሄው

መጀመሪያ የተሰለፉትን አሰናብቱ። «ዲ» ላይ ያለ ፕሮሰስ በግድ በሚያስቆመው በኪል 9 ትእዛዝ እንኳ አይሞትም ሲባል ትሰማላችሁ። ለብዙ ዓይነት ዲስክ እውነት ነው። ኤንኤፍኤስ በሚባለው የኔትወርክ ማከማቻ ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ከርነል 2.6.25 ወዲህ ብዙውን ጊዜ ይሞታል። የመጋዘኑ ማከማቻ የተያያዘው በዚሁ ስለሆነ 37ቱንም፣ የእኔንም ጨምሬ አስወገድሁ። ይህን ሳታደርጉ የርቀቱን ማሽን ብታስነሡ 37 ባክአፕ በአንድ ጊዜ ነቅቶ መጻፍ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ጭነቱ እውነተኛ ይሆናል።

ከዚያ ወደ መጋዘኑ ሄድሁ። መብራቱ ተመልሷል፤ ማሽኑ ግን እንደጠፋ ቁጭ ብሏል። ቁልፉን ተጫንሁት፣ ተነሣ። ባዮስ ውስጥ (የማሽኑ መነሻ ቅንብር ውስጥ) ገብቼ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሣ አስተካከልሁት። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ቅንብር ተዘግቶ መተው የለበትም።

ለዘለቄታው የባክአፕ ፕሮግራሙ ኤፍሎክ በሚባለው ትእዛዝ ቁልፍ እንዲይዝ አደረግሁ፤ ያለፈው ሳይጨርስ አዲሱ አይነሣም። ከእንግዲህ ማከማቻው ቢጠፋ ሰልፉ ከአንድ አያልፍም። አንዳንዶች የኔትወርክ ማከማቻው የሚያያዝበትን ቅንብር «ሶፍት» አድርጉት ይላሉ። ያን ጊዜ ፕሮሰሱ ጠብቆ ጠብቆ ስሕተት ተቀብሎ ይወጣል። ለሚነበብ ፋይል ይሁን፤ ለሚጻፍ የሂሳብ መዝገብ ግን አላደርገውም፤ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ሊጠፋ ይችላል።

«ዲ» ላይ ያለው ሌላ ነገር ሲሆን

የሚጠበቀው የማሽኑ የራሱ ዲስክ ከሆነ በቶፕ ላይ «ደብሊው ኤ» የሚለው፣ ፕሮሰሰሩ ዲስክ በመጠበቅ ያሳለፈውን ጊዜ የሚያሳየው አኃዝ ከፍ ይላል። ኔትወርክ ሲሆን ብዙ ጊዜ ዜሮ አጠገብ ይቆያል። ዲስኩ ከሆነ ዲሜሴጅ በሚባለው ትእዛዝ የከርነሉን መልእክት አንብቡ፤ «ከ120 ሰከንድ በላይ ታግዷል» የሚል ወይም የዲስክ ስሕተት የሚዘረዝር መልእክት ካገኛችሁ ምርመራውን አቁማችሁ መጀመሪያ መረጃውን ቅዱ። በዩኤስቢ የተሰካ ውጫዊ ዲስክ ከሆነ ገመዱን ለውጡ፤ ከዲስኩ በፊት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እርሱ ነው።

ቁጥሩ ለቀናት 1.00 ላይ ተጣብቆ ከቀረ አንድ የከርነል ክር (ከርነሉ ለራሱ የሚያስኬደው ሥራ) «ዲ» ላይ ተኝቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ማሽኑን የማያዘገይ ከሆነ ጉዳት የለውም። ሾፌሩን (የማሽኑን ዕቃ የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም) እና ከርነሉን ማደስ ይበቃል።

ኮንቴይነር (በአንድ ማሽን ላይ ፕሮግራሞች ተለይተው የሚሠሩበት ክፍል) ውስጥ ሆናችሁ የምታነቡት ቁጥር ደግሞ በተለመደው አሠራር የእናንተ አይደለም፤ የአስተናጋጁ ማሽን ነው። ጎረቤት ኮንቴይነር ሲጨናነቅ የእናንተ ሥራ ፈት ፕሮግራም የተጨናነቀ ይመስላል።

ከርነላችሁ 4.20 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ በፕሮክ ማውጫ ውስጥ ፕሬዠር የሚባል ክፍል ልታገኙ ትችላላችሁ። ፕሮሰሰር፣ ማህደረ ትውስታና ዲስክ እያንዳንዳቸው ሥራን ምን ያህል እንዳስጠበቁ ለየብቻ ይነግራችኋል። የፕሮሰሰሩ ዜሮ አጠገብ ከሆነ ለደንበኛችሁ አዲስ ፕሮሰሰር አታስገዙ።

በዊንዶውስም ተመሳሳይ ድንጋጤ አለ። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ሲስተም አይድል ፕሮሰስ» 97 ሲል ቫይረስ ነው ብለው የሚያመጡልኝ አሉ። እርሱ የሚያሳየው ፕሮሰሰሩ ሥራ ያጣበትን ጊዜ ነው፤ ከፍ ማለቱ ጤና ነው።

ካስተካከላችሁ በኋላም ቁጥሩ ካልወረደ

ከመጋዘኑ ስመለስ ሰልፈኞቹን ካሰናበትሁ 15 ደቂቃ ሆኖ ነበር። የመጀመሪያው ቁጥር ዜሮ አጠገብ ወርዷል፤ ሦስተኛው ግን ገና 13 ተኩል ገደማ ይላል። ባለቤቱ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው «ይኸው አልወረደም» አሉኝ። ይህ ቁጥር በየ15 ደቂቃው ከነበረበት ወደ ሲሶ ገደማ ነው የሚቀንሰው። ሻይ አዘዙልንና ቁጭ አልን። ከሌላ ሩብ ሰዓት በኋላ 5 ሆነ።