የሰርቨር ኔትወርክ ከመቀየራችሁ በፊት መመለሻውን አዘጋጁ

የኡቡንቱ ሰርቨሮችን ኔትወርክ በአንሲብል (ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ በሚያስተካክል መሣሪያ) የምታስተካክሉ ከሆነ ይቺን ያዙልኝ። ለውጡን ከመልቀቃችሁ በፊት ሰርቨሩ በራሱ ወደ ድሮው የሚመለስበትን መንገድ አዘጋጁ።

በእጅ ስትሠሩ ቀላል ነው። ኔትፕላን የኡቡንቱን የኔትወርክ ሴቲንግ የሚይዝ መሣሪያ ነው፤ ለውጡን በቀጥታ በሚተገብረው «ኔትፕላን አፕላይ» (netplan apply) ፋንታ «ኔትፕላን ትራይ» (netplan try) በሉ። አዲሱን ሴቲንግ ይሞክርና 120 ሰከንድ ይጠብቃል። ኢንተር ካልተጫናችሁ የድሮውን ይመልሳል።

በአንሲብል ግን ኢንተር የሚጫን ሰው የለም። ስለዚህ ፕሌይቡኩ (የአንሲብል የሥራ ዝርዝር) መጀመሪያ የኔትወርክ ሴቲንጉ የተጻፈበትን የድሮውን የያምል (YAML) ፋይል ኮፒ ያድርግ። ኮፒውን ከኔትፕላን ፎልደር ውጭ አስቀምጡት፤ ኔትፕላን እዚያ ውስጥ ያገኘውን የያምል ፋይል ሁሉ ያነባል። ቀጥሎ በ«ሲስተምዲ ረን» (systemd-run፣ ሥራን በቀጠሮ ማስነሳት በሚችል የሊኑክስ ትዕዛዝ) ከ5 ደቂቃ በኋላ ኮፒውን ቦታው መልሶ አፕላይ የሚያደርግ ታይመር ያስነሳ። ከዚያ አዲሱን ይልቀቅ። ግንኙነቱ ከተመለሰ ታይመሩን ይሰርዝ። ካልተመለሰ ሰርቨሩ ራሱን ያድናል፤ በሌሊት ዳታ ሴንተር ድረስ መሮጥ ቀረ ማለት ነው።

አይፒው ራሱ የሚቀየር ከሆነ አንሲብል በአዲሱ አድራሻ እንዲፈትሽ ንገሩት። አለዚያ ታይመሩ ደህናውን ለውጥ ያፈርስባችኋል።

«ሲሪያል»ን (serial፣ አንሲብል በአንድ ጊዜ ስንት ሰርቨር ላይ እንደሚሠራ የሚወስነውን) ደግሞ 1 አድርጉት። የመጀመሪያው ሰርቨር ላይ ከከሸፈ ሥራው እዚያው ይቆማል፣ ሌሎቹ አይነኩም። ትንሽ ይዘገያል፣ ግን በጣም ያዋጣል።

ክላውድ ላይ ያለ ማሽን ከሆነ ክላውድ ኢኒት (ማሽኑ ሲነሳ ሴቲንግ የሚያስገባ ፕሮግራም) የጻፈውን የኔትወርክ ፋይል እንዲሁ አትነካኩ፤ መልሶ ሊጽፍበት ይችላል። መጀመሪያ የክላውድ ኢኒትን የኔትወርክ ሥራ አጥፉ።