ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ፦ የጉልበት ቅየራ ቁስል ሲዘጋ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የጉልበት ቅየራ ላይ ሰው ሠራሹን መገጣጠሚያ ከአጥንት ጋር የሚያጣብቀው ሲሚንቶ ከደረቀ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይላላል። ዋናው ሥራ አለቀ ተብሎ መርፌው ለጀማሪው ሬዚደንት (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ላለው ሐኪም) ይሰጣል። በሦስተኛው ቀን ፋሻው ርሶ ሲገኝ ደግሞ ክርክሩ «ለቆዳው ስቴፕል (የብረት መያዣ) ይሻል ነበር ወይስ ክር?» የሚል ይሆናል። ቁስሉ ያፈሰሰው ግን ብዙ ጊዜ ከታች፣ መገጣጠሚያውን ከሸፈነው ከካፕሱሉ ነው።

ካፕሱልን በግምት መግጠም። ጉልበቱ ሲከፈት ሁለቱ ጠርዞች ይንሸራተታሉ፤ ሲዘጋ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ከተገጠመ የጉልበት ሎሚው ከቦታው ይጎተታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመክፈት በፊት ቁርጡን የሚያቋርጡ ሦስት መስመሮች በስቴራይል እስክሪብቶ ማስመር። የመጀመሪያው ስፌት በሎሚው የላይኛው ውስጠኛ ጥግ ላይ ይግባ፤ ሌሎቹ በ1 ቁጥር ቫይክሪል (ቀስ ብሎ በሚሟሟ ክር)፣ በ1 ሴንቲሜትር ገደማ ርቀት ይከተሉ። ከዚያ ቆዳው ሳይዘጋ ጉልበቱን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍና ማየት። ክፍተት ከታየ እዚያው ይጠገን፤ ቆዳ አይሸፍነውም።

ለካፕሱል ሞኖክሪል የተባለውን ሌላ የሚሟሟ ክር የሚያነሳም አለ። ቫይክሪል በሁለተኛው ሳምንት ከጥንካሬው 75 በመቶ፣ በሦስተኛው ደግሞ 50 በመቶ ያህል ይይዛል፤ ሞኖክሪል ገና በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ግማሽ ይጠጋል። የሞኖክሪል ቦታ ከቆዳ ሥር ነው።

እሾኻማውን ክር እንደ ተራ ክር መያዝ። ባርብድ የምንለው ክር ቋጠሮ ስለሌለው ይወደዳል፤ ጥቂት ደቂቃም ይቆጥባል። ግን እስቲ አያያዙን ተመልከቱ! ጀማሪው ክሩን በኒድል ሆልደር (በመርፌ መያዣው) ቆንጥጦ ይጎትተዋል፤ እሾሁ ተደፍጥጦ ሲያበቃ ለምን አልያዘም ይላል። አምስት ስድስት ጊዜ ወግቶ መጨረሻ ላይ በአንዴ ሊያጠብቅ ይሞክራል፤ ይህ ክር ወደ ኋላ አይንሸራተትም፣ በየውጉ ነው የሚጠብቀው። ከመጠን በላይ ከጠበቀም አይላላም፤ ሥጋው ነጥቶ ይቀራል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ እዚያው ይቆርጠዋል። ቋጠሮ የሌለው ክር የሚታሰረው ወደ ኋላ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሲወጋ ነው፤ ያለዚያ ጉልበቱ ሲታጠፍ ከጫፍ መፈታት ይጀምራል።

ሁለት ዓይነት መኖሩም ይረሳል። ባለ አንድ አቅጣጫው ጭራው ላይ ቀለበት አለው፤ የመጀመሪያው ውግ በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል። ባለ ሁለት አቅጣጫው ሁለት መርፌ ያለው ሲሆን እሾሁ መሐል ላይ አቅጣጫ ስለሚቀይር ከቁስሉ መሐል ይጀመራል፤ ከጫፍ የጀመረው መንገድ ላይ ተይዞ ይቀራል። መርፌው የራሱን ክር ከወጋው ወይም ከቆረጠው መስመሩ ሁሉ አደጋ ላይ ነው፤ ስለዚህ በሎሚው ጥግ ሁለት ሦስት ነጠላ ስፌት መጨመር ብልህነት ነው። ከቆዳው አጠገብ አለመጠቀምም ይሻላል፤ እሾሁ ወጥቶ ሲያሳክክና ሲያቆስል ይታያል። አቅርቦቱ በሚቆራረጥበት ሆስፒታል ደግሞ በነጠላ ቋጠሮ መዝጋት የማይችል ሬዚደንት ክሩ ያለቀ ቀን ምን ሊሠራ ነው?

ከቆዳ ሥር ቋጠሮውን ወደ ላይ ማስቀረት። 2-0 ውፍረት ባለው ክር ከታች ወደ ላይ፣ በማዶ ከላይ ወደ ታች ተወግቶ ሲታሰር ቋጠሮው ይቀበራል።

ስቴፕልን ለመጎተቻ መጠቀም። ስቴፕል የተጠጋ ጠርዝ ይይዛል እንጂ የራቀውን አያቀርብም። ረዳቱ ሁለቱን ጠርዞች በባለ ጥርስ አድሰን ፎርሴፕስ (በትንሽ መቆንጠጫ) ወደ ውጭ ገልበጥ አድርጎ ይያዝ፤ ወደ ውስጥ የታጠፈ ጠርዝ አይጋጠምም። ስቴፕል ኢንፌክሽን ያበዛል የሚለው በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ንጽጽር ልዩነቱ ጎልቶ የታየበት በዳሌ ቀዶ ጥገና ላይ ነው፤ እንዳለ ወደ ጉልበት መውሰድ አይገባም። የሚነቀለው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ታካሚው ከሩቅ ገጠር ከሆነ ማንቀያው በሚቀርበው ጤና ጣቢያ ይገኝ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ከሌለ ከቆዳ ሥር በሚሟሟ ክር ይዘጋ።

እርጥብ ቁስል ላይ የቆዳ ሙጫ መቀባት። ደም ላይ አይይዝም። የተጋጠመና የደረቀ ጠርዝ ላይ ከላይ ይቀባል፤ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም።

የሚያፈስ ቁስልን በኪኒን ማከም። ከ72 ሰዓት በላይ ካፈሰሰ የጉልበት ማጠፍ ስፖርቱ ጋብ ይበል፣ የደም ማቅጠኛው መድኃኒት ይታይ፣ ፋሻው በጥንቃቄ ይቀየር። አንቲባዮቲክ ብቻ ሰጥቶ መጠበቅ ኢንፌክሽኑን ይደብቃል። ዋርድ ላይ አንድ ስፌት ጣል ማድረግም ከላይ ያለውን ቀዳዳ እንጂ ከታች ያለውን አይደፍንም። ከ5 እስከ 7 ቀን ድረስ ካላቆመ ታካሚው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ይመለሳል፤ ቁስሉ ተከፍቶ ካፕሱሉ ይፈተሻል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይሰፋል።