የወሎን ወጣት ለአየር ንብረት ሥራ ስናነሣሣ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለ። ክረምት ሲገባ የችግኝ ተከላ ዘመቻ አለ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ግጥም ይነበባል፣ በሚኒ ሚዲያ መልእክት ይተላለፋል። ስለዚህ የወሎ ወጣት ስለ አየር ንብረት ለውጥ አልሰማም ማለት አይቻልም። ሰምቷል። የጎደለው ነገ ጠዋት ተነሥቶ የሚሠራው፣ «የእኔ ነው» የሚለው፣ ውጤቱንም በዓይኑ የሚያየው ሥራ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንቅፋት የምንሆነው እኛው ትልልቆቹ ነን። መምህሩ፣ ወላጁ፣ የክበብ ኃላፊው፣ የቀበሌው ሰው። ሐሳባችን መልካም ነው፤ አካሄዱን ግን እንስተዋለን። ከደቡብ ወሎው ቦረና እስከ ላስታ፣ ከደሴ እስከ ቆቦ ሲደጋገሙ የማያቸውን ስህተቶች ላንሣቸው።

በድርቅ ማስፈራራት

የወሎ ልጅ ድርቅን ከመጽሐፍ አልተማረም። የ66ቱንና የ77ቱን ረሃብ አያቶቹ ነግረውታል። ዛሬ ሃያ ዓመት የሞላው የቆቦ ወይም የሐብሩ ልጅ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖው ድርቅ፣ በአገር ደረጃ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ በጠበቀበት ዓመት፣ ገና ተማሪ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ማሽላው ሊደርስ ሲል አንበጣ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ደረሰ።

ይህን ሁሉ ያየ ልጅ ፊት ቆሞ «ካልነቃችሁ ወዮላችሁ» ማለት ምን ይጨምርለታል? ፍርሃት የበዛበት ሰው ወይ ይደነዝዛል፣ ወይ ሻንጣውን ያነሣል። እኔ እንደማየው፣ ይህ ልጅ ከማስፈራሪያ ይልቅ «አብሽር፣ እጅህ ላይ ያለ ነገር አለ» የሚለው ሰው ነው የሚፈልገው።

ታሪኩንም ስንነግረው ሙሉውን እንንገረው። የ66ቱ ረሃብ በዝናብ እጦት ብቻ የመጣ አይደለም። የዘመኑ መንግሥት ደበቀው፤ እርዳታውም ዘገየ። ዝናቡን ማንም ልጅ አያዝዘውም። ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚደረግ ግን ሰው የሚወስነው ነገር ነው። ይህ ልዩነት ሲገባው ልጁ ቀና ይላል።

ከስብከት ይልቅ አንድ የሚለካ ነገር ስጡት። በደላንታ፣ በለጋምቦ፣ በጊዳን ደጋ የብዙ ሰው ኑሮ በበልግ ዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ልጁ አያቱ ጋ ተቀምጦ «ድሮ በልግ የሚገባው መቼ ነበር? ገብሱ መቼ ይዘራ ነበር? አሁንስ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ደብተሩ ላይም ይጻፍ። ከዚያ ዝናቡን ራሱ ይለካ። የሁለት ሊትር ሃይላንድ አናቱን ቆርጦ፣ የቆረጠውን ገልብጦ እንደ ማጥለያ ይክተትበት። ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠርና ውኃ አድርጎ እስከሚስተካከልበት ድረስ ይሙላው፤ ዜሮው እዚያ ላይ ነው። ጎኑ ላይ ማስመሪያ ይሰርበት። ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጎ፣ ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ ደግፎ ያቁመው። በየጠዋቱ አንብቦ ይጻፍና ውኃውን እንደገና ዜሮው ላይ ይመልሰው። አንድ ክፍል ተማሪ ይህን ለሁለት ሦስት በልግ ቢይዝ፣ ስለ ሰፈሩ ዝናብ ከማንም የተሻለ የሚናገረው እሱ ይሆናል።

የሌላ አገር ምክር እንዳለ መቅዳት

«ሥጋ ቀንሱ፣ አውሮፕላን አታብዙ፣ መብራት አጥፉ።» ይህ ለአውሮፓ ልጅ ትክክለኛ ምክር ነው። ለከላላ ልጅ ግን ምኑም አይደለም። ሥጋ የሚበላው በዓመት በዓል ነው። አውሮፕላን የሚያየው ሰማይ ላይ ነው። የአገራችን መብራት ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው፤ አምፖል ማጥፋት ቆጣሪውን ቢያስታግሥም የሚቀንሰው ጭስ እዚህ ግባ አይባልም።

ኢትዮጵያ ወደ አየር የምትለቀው በካይ ጋዝ ከዓለም አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ይህን ለልጆቹ በግልጽ መንገር ይገባል፤ ያልበሉትን ዕዳ እንዲከፍሉ የሚጠየቁ እንዳይመስላቸው። አገሪቱ በ2003 ዓ.ም. የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን ስታወጣ በተሠራው ስሌት፣ ከሚለቀቀው ጋዝ ከ85 በመቶ በላይ የሚመጣው ከግብርናና ከደን ነው። እንግዲህ የወሎ ወጣት ሥራ ያለው ምድጃው ሥር፣ በረቱ ውስጥ፣ ማሳው ላይና ከቤቱ ጀርባ ባለው ተራራ ላይ ነው።

ምድጃውን እንውሰድ። በሦስት ጉልቻ እንጀራ ሲጋገር አብዛኛው ሙቀት በጎን ይወጣል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ምጣዱን ዙሪያውን ስለሚያቅፈው ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ይህ በወረቀት ላይ «ልቀት መቀነስ» ይባላል። ለእናትና ለእኅት ግን አንድ ሸክም እንጨት መቅረት ነው፤ የዓይን ማቃጠልና የሳል መቀነስ ነው። ወንዱ ልጅ ምድጃውን ይዞ ይምጣ፣ ጭቃውንም እሱ ይምረግ። ለእኅቶቹ «እናንተ አስቡበት» ብሎ የሚተወው ሥራ አይደለም።

እንጨት በጠፋበት ደጋ የሚነድደው ኩበት ነው። ኩበት ነደደ ማለት የማሳው ፍግ ጭስ ሆነ ማለት ነው። ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ የገባበት ቤት ከበረቱ የሚተርፈውን ከገለባና ከቅጠል ጋር ደራርቦ፣ ውኃ እያርከፈከፈና እያገላበጠ ኮምፖስት ማድረግ ይችላል። የጎመን መደብ ላይ ግማሹን በኮምፖስት፣ ግማሹን ያለ ኮምፖስት ተክሎ ማየት ነው። የዚያን ልዩነት ያየ ልጅ ጎረቤቱን ራሱ ይጠራል።

ተከላውን የሥራው መጨረሻ ማድረግ

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሐምሌ ላይ ተራራው ሰው በሰው ይሆናል። ቲሸርት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ስንት ሺህ እንደተተከለ በድምፅ ማጉያ ይነገራል። ጥር ላይ እዚያው ተራራ የሚወጣ ግን የለም። አረንጓዴ አሻራ በተጀመረበት በ2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ተከላ እንደ አገር ተክነንበታል። የቀረን ማጽደቁ ነው።

ጉድጓዱ ቀደም ብሎ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይቆፈር፤ የመጀመሪያውን ዝናብ ይጠጣ። በተከላው ዕለት በችኮላ የተጫረ ጉድጓድ ለሥር አይመችም። ላስቲኩ ጨርሶ መውለቅ አለበት። ብዙ ልጅ ታቹን ብቻ ቀድዶ ይተክለዋል፤ እንዳለ የሚቀብረውም አለ። ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይቀርና ችግኙ ክረምቱን ለምለም መስሎ ቆይቶ ኅዳር ላይ ይደርቃል። ለልጆቹ በእጃችሁ አሳዩአቸው፦ ላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ፣ አፈሩ እንዳይፈርስ በመዳፍ ደግፎ፣ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ። ቁልቁለት ከሆነ ከታች በኩል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ድንጋይ መደርደር። ግንዱን ሳያስነኩ ዙሪያውን ደረቅ ሣር ማልበስ። ከዚያ የፍየል ነገር አለ። የእሾህ አጥር ያልተደረገለት ችግኝ ለፍየል የተዘጋጀ ቁርስ ነው። የተሰበሰበውን ላስቲክ ደግሞ ተራራው ላይ ጥላችሁት አትውረዱ።

ዝርያም እንደ ቦታው ነው። ለደጋው ኮሶ፣ ጥድ፣ ወይራ። ለወይና ደጋው ዋንዛ፣ ብሳና። ለቆቦ ሜዳ ግራር፣ ቁርቁራ። በሐይቅና በመርሳ በኩል ደግሞ ማንጎና አቮካዶ አለ። ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ጓሮው የተከለ ልጅ ውኃ አጠጣ ተብሎ አይለመንም።

ለአንድ ልጅ አምስት ችግኝ ይበቃዋል። ስሙን አስመዝግቦ ይረከባቸው። በበጋ ሃይላንድ ክዳኑንና፣ አየር እንዲገባው፣ ታቹን በመርፌ በስቶ፣ ውኃ ሞልቶ፣ ሥሩ አጠገብ ዘቅዝቆ ቢቀብረው ውኃው ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። ቆጠራው ጥር ላይ ይሁን። ከአምስቱ አራት ያጸደቀው ልጅ ስሙ ሰልፍ ላይ ይጠራ። አንድም ያልጸደቀለት ልጅ አይወቀስ፤ ለምን እንደደረቁ ነቅሎ ሥራቸውን ይይና ለጓደኞቹ ያስረዳ።

ያልተጣራ ቁጥር ማስሸምደድ

«ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶዋ በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ቀረ።» ይህን ያልሰማ ተማሪ የለም። የ40 በመቶው መነሻ ሲፈተሽ ግን አስተማማኝ ልኬት አልተገኘለትም። ስለ ወሎ ደግሞ የተለየ ማስረጃ አለ። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በጣሊያን ወረራ ጊዜ በወሎ የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዞ በ1997 ወደነዚያው ቦታዎች ሄደ። ከ60 ዓመት በኋላ እንደገና አነሣቸውና አስተያያቸው። በብዙዎቹ ቦታዎች ዛፉ ጨምሮ አገኘው፤ በተለይም ገበሬው በየቤቱ ዙሪያ የተከለው ባሕር ዛፍ።

ይህ የተፈጥሮ ደናችን አልተመናመነም ማለት አይደለም። ተመናምኗል። ለልጁ ግን ትልቅ ዜና ነው፤ አያቱ ቆራጭ ብቻ አልነበሩም፣ ተክለዋልም። ባሕር ዛፍንም በጅምላ ጠላት ማድረግ አልወድም። ቤት የተሠራበት፣ የልጅ ደብተር የተገዛበት ዛፍ ነው። ምንጭ ዳርና ማሳ ጠርዝ ላይ አይተከል እንጂ፣ ቦታው ላይ ሲሆን የተፈጥሮ ደኑን ከመጥረቢያ ያድናል።

ክበቦችም ይህንኑ ሥራ በስልክ ሊሠሩት ይችላሉ። የድሮ የደሴ ወይም የወልድያ ፎቶ ከየቤተሰቡ አልበም ይፈለግ። ፎቶው የተነሣበት ቦታ ላይ ቆመው እንደገና ያንሡትና ጎን ለጎን ይለጥፉት። የጦሳ ተራራ ድሮ ምን ይመስል ነበር? የቦርከና ወንዝስ? ክርክሩ ያኔ ይጀመራል።

የእንጀራውን ጉዳይ መርሳት

ከባቲ፣ ከቃሉ፣ ከሐብሩ ስንቱ ወጣት በጅቡቲ በኩል አድርጎ ወደ ሳዑዲ መንገድ እንደሚጀምር እናውቃለን። ልቡ ጅዳ ያለ ልጅ በነፃ ተራራ እንዲጠብቅ መጠየቅ አግባብ አይደለም። ሥራው የሚያበላው ይሁን። ከግጦሽ የተከለለ ተራራ ሣሩ ታጭዶ ይሸጣል፤ አበባው ሲመለስ ቀፎ ይሰቀልበታል። ችግኝ ማፍላት፣ ማንጎ ማዳቀል፣ ምድጃ ማምረት ሁሉም ገቢ አላቸው። ለወጣቶች ማኅበር ተራራ ስትሰጡ ግን በቃል አትስጡ። በጽሑፍ ይሁን፣ ዘመኑም ይገለጽ። ነገ ይነጠቃል ብሎ የሚሠጋ ሰው ቀፎ አይሰቅልም።

ፌስታል መልቀምን እንደ በቂ መቁጠር

ቅዳሜ የተለቀመ ቦታ ገበያ በዋለ ማግስት ተመልሶ ይሞላል። ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ ልማዱ ግን በአዋጅ ብቻ አይለቅም። ልጁ እናቱ ዘንቢል ይዛ እንድትወጣ ካስለመደ ከአሥር የጽዳት ዘመቻ ይበልጣል።

ወጣቱን ለጉልበት ብቻ መጥራት

ድንጋይ ሲሸከም «የነገ አገር ተረካቢ»፣ ውሳኔ ሲሆን «አንተ ገና ልጅ ነህ»። እርከኑ የት ይሠራ፣ የትኛው ተራራ ይከለል፣ ከብቱ የት ይሰማራ የሚለው ሲወሰን ወጣቱ የለም። ከዚያ ልቅ ግጦሽ የሠራውን ሲያፈርስበት ዳግመኛ አይመጣም። እውነቱን ነው።

በወሎ ለዚህ መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ቅሬ አለን። ለቀብርና ለችግር ጊዜ እስላሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ የሚያቆም፣ ማንም የማይቀርበት፣ ቅጣቱም የሚከበር ማኅበር ነው። ሕግ ያወጣል፣ ያስፈጽማልም። ቅሬው ለወጣቶቹ አንድ ምንጭ ወይም አንድ ሸንተረር ቆርሶ ቢሰጣቸውና «ከብት ያስገባ ይህን ያህል ይቀጣል» የሚለውን መተዳደሪያው ላይ ቢያስገባ፣ ከቀበሌ ማስታወቂያ የበለጠ ይሰማል። ከወጣቶቹም ሁለቱ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በስብሰባው ላይ ድምፅ ይኑራቸው።

የሃይማኖት አባቶችም ይግቡበት። «ቂያማ ቢቆም እንኳ እጃችሁ ላይ ችግኝ ካለ ትከሉት» የሚለውን ሐዲስ ሼሁ በጁምዓ ሲያነሡት፣ ቄሱም በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ጥድና ወይራ እንዴት ተጠብቆ እንደኖረ ሲናገሩ ልጁ ሥራው የፕሮጀክት ሥራ እንዳልሆነ ይገባዋል። የመጀመሪያው ስብሰባ ጥቅምት ላይ ቢሆን ይመረጣል። ዝናቡ እንዳበቃ፣ ችግኙ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ አጥሩን ለማጠርና የውኃ ተራ ለማውጣት ጊዜ አለ።