የሰሜንን ደን ለልጆች የሥዕል መጽሐፍ በውሃ ቀለም እንዴት መሳል እንደሚቻል

ከስካንዲኔቪያ ተነሥቶ ሩሲያን የሚያቋርጠው፣ በሌላኛው የዓለም ክፍልም ከአላስካ እስከ ካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚዘልቀው የሰሜን ደን በምድር ላይ ካሉት የደን ቀበቶዎች መካከል እጅግ ሰፊ ከሚባሉት አንዱ ነው። የዛፎቹ ዓይነት ግን ጥቂት ነው፤ መርፌ መሰል ቅጠል ያላቸው ስፕሩስ፣ ፓይንና ላርች፣ እንዲሁም ቅርፊቱ ነጭ የሆነው በርች አብዛኛውን ስፍራ ይዘውታል። ይህ ለልጆች መጽሐፍ ሠዓሊ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ልጁ ገጽ በገለጠ ቁጥር ዛፎቹን እንደ ገጸ ባሕርያቱ ለይቶ ሊያውቃቸው ይችላልና። አስቸጋሪው ብርሃኑ ነው። በውሃ ቀለም ሥዕል ብርሃን ሆኖ የሚታየው ቀለም ያልነካው ወረቀት ስለሆነ፣ የበረዶውን፣ የበርቹን ግንድና የጥንቸሏን ጀርባ ንጣት የት የት እንደሚተዉ ብሩሹን ከማንሣትዎ በፊት መወሰን ይኖርብዎታል። በመሆኑም ከዚህ በታች የቀረበው የአሠራር ቅደም ተከተል የሚጀምረው ከብርሃን ነው።

የታሪኩን ወቅትና ሰዓት ይለዩ

በመጀመሪያ የታሪኩን ጽሑፍ ደጋግመው ያንብቡና በየትዕይንቱ ጠርዝ ላይ ወቅቱን፣ የቀኑን ሰዓትና ብርሃኑ የሚመጣበትን አቅጣጫ በእርሳስ ይጻፉ። ደራሲው ካልገለጸው ውሳኔው የእርስዎ ነው። ሄልሲንኪና ኦስሎ በሚገኙበት በ60 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ፣ በታኅሣሥ ወር ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ጊዜ፣ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአድማስ በላይ ከፍ የምትለው 6.5 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ በዚህም የተነሣ በሜዳ ላይ የቆመ ዛፍ ጥላ ከራሱ ከዛፉ ቁመት ከ8 ጊዜ በላይ ይረዝማል። በሰኔ መገባደጃ ግን በዚያው ስፍራ ፀሐይ ከ53 ዲግሪ በላይ ስለምትወጣ ጥላው ከዛፉ ቁመት ያንሳል። ስለዚህ በረዷማ የቀትር ትዕይንት ላይ አጭር ጥላ መሳል ልጁ ምክንያቱን ባያውቀውም እንኳ ሥዕሉን ከስፍራው ያርቀዋል። በበረዶ ላይ የሚያርፈው ጥላ ሰማያዊ የሚሆንበት ምክንያትም መታወቅ አለበት፤ የፀሐይዋ ቀጥተኛ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ በረዶው የሚያንጸባርቀው ከሰማዩ የሚወርደውን ብርሃን ነው። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ይህ ሰማያዊነት ይደበዝዛል፤ ጥላውም ለስላሳ ግራጫ ይሆናል።

ረቂቅ መጽሐፍ ይሥሩ

አብዛኛው የሥዕል መጽሐፍ 32 ገጽ ያለው ነው፤ ምክንያቱም ትልልቁ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ የ8 ወይም የ16 ገጽ ጥራዝ ስለሚሆን ነው። ለርእስና ለኅትመት መረጃ የሚውሉት ገጾች ሲቀነሱ ለታሪኩ የሚቀሩት ከ12 እስከ 14 የሚሆኑ ጥንድ ገጾች ናቸው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ፣ እያንዳንዳቸው የክብሪት ሣጥን ያህል ሆነው፣ በጥቁርና በነጭ ብቻ ይንደፏቸው። ዝርዝር አያስፈልግም፤ የጨለማውና የብርሃኑ ቦታ ብቻ ይታይ። ጎን ለጎን ሲታዩ ሦስት ጥንድ ገጾች በተከታታይ በእኩል መጠን ከጨለሙ ወይም ገጸ ባሕርዩ ሁልጊዜ መሐል ላይ ከቆመ እዚሁ ያርሙት፤ በዚህ ደረጃ ማረም የሚጠይቀው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ቀጥሎ በተራ ወረቀት እውነተኛውን መጠን የያዘ መጽሐፍ አጥፈው ሰፍተው ንድፉን ያስገቡበት። ይህን ደረጃ መዝለል ፈጽሞ አልመክርም። የገጽ መገለጥ በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ያለው ኃይል የሚታወቀው በእጅ ሲገለጥ ነው፤ የሰሜን ደን ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ በቀኝ ገጽ ጠርዝ ላይ ከቆመ ወፍራም ግንድ ጀርባ የጅራት ጫፍ ብቻ ብቅ ካለ፣ ልጁ ባለቤቱን ለማየት ራሱ ገጹን ይገልጠዋል። ፊትና ዓይን በመጽሐፉ መታጠፊያ ላይ እንዳይወድቁ ይጠንቀቁ። ለጽሑፉ የሚተወው ቦታ ጸጥ ያለና ፈዘዝ ያለ ይሁን፤ በረዶና ሰማይ ይህን ቦታ ሳይለመኑ ይሰጣሉ። ጽሑፉን ግን በሥዕሉ ላይ በብሩሽ አይጻፉት፤ አሳታሚው መጽሐፉን በሌላ ቋንቋ ሲያሳትም የጥቁሩን ቀለም የኅትመት ሳህን ብቻ ለውጦ እንዲሠራ ሥዕሉና ጽሑፉ የተለያዩ መሆን አለባቸው።

ዛፎቹንና እንስሳቱን ያጥኑ

ልጆች በዝርዝር ነገር አይታለሉም። የስፕሩስ ፍሬ ከቅርንጫፉ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ በአውሮፓና በእስያ የሚበቅለው የፓይን ዓይነት የግንዱ የላይኛው ክፍል ወደ ብርቱካናማ ያደላ ቅርፊት አለው፤ ላርች መርፌ ቅጠል ቢኖረውም የበረዶው ወቅት ሊገባ ሲል ወርቃማ ሆኖ ቅጠሉን ያራግፋል። በእነዚያ ደኖች የምትኖረው የተራራ ጥንቸል በሙቀቱ ወቅት ቡናማ ናት፤ በረዶ ሲጥል ነጭ ትሆናለች፤ የጆሮዋ ጫፍ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ታሪኩ ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው የሚሸጋገር ከሆነ ጸጉሯ መለወጡን ከደራሲው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት፤ ካልሆነ ልጁ ሌላ ጥንቸል የመጣች ሊመስለው ይችላል። ሙስ የሚባለው የአጋዘን ወገን ግዙፍ እንስሳ ቀንድ የሚያበቅለው ወንዱ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በበረዶው ወቅት ቀንዱን ይጥለዋል። ስለዚህ የካቲት ላይ በበረዶ መካከል ባለ ትልቅ ቀንድ ሙስ መሳል ስሕተት ነው።

ጥናቱ ሲያበቃ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ፣ ሲሮጥ፣ ሲተኛና ሲደነግጥ በአንድ ወረቀት ላይ ይሳሉት፤ ቁመቱንም ከሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ጋር በማነጻጸር መሥመር ያስምሩ። ይህ ወረቀት ሥራው እስኪያልቅ ከጠረጴዛዎ በላይ ይሰቀል።

ወረቀትና ቀለም

ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ቢኖር ወረቀቱ ይሁን። ሙሉ በሙሉ ከጥጥ የተሠራና በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን፣ መካከለኛ ሸካራነት ያለው የውሃ ቀለም ወረቀት ለዚህ ሥራ ይስማማል። ይህ ውፍረት ብዙ ውሃ ሲፈስበት ሊጨማደድ ስለሚችል፣ ወረቀቱን አርጥበው በእንጨት ሰሌዳ ላይ በአራቱም ጠርዝ ውሃ ሲነካው በሚጣበቅ የወረቀት ቴፕ ይለጥፉትና በጠፍጣፋ ቦታ ይድረቅ። ለመላው መጽሐፍ የሚበቃውን ወረቀት በአንድ ጊዜ ይግዙ፤ የወረቀቱ ንጣት ከዓይነት ዓይነት ይለያያል።

ቀለሙ ጥቂት ይሁን። አልትራማሪን ሰማያዊ፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ ሮው ሲየና (ቢጫማ ቡናማ)፣ ኪናክሪዶን ሮዝና አንድ ቢጫ አብዛኛውን ደን ይሸፍናሉ። በቱቦው ላይ ከተጻፈው የንግድ ስም ይልቅ የቀለሙን ዱቄት መለያ ያንብቡ፤ አልትራማሪን በየትኛውም አምራች ዘንድ ፒቢ 29 (PB29) ነው። አሊዛሪን ክሪምሰን የሚባለው ቀይ፣ ፒአር 83 (PR83)፣ በብርሃን ስለሚደበዝዝ ዋናው ሥዕል እንዲቆይ ከፈለጉ አይጠቀሙበት። ከሁሉም በላይ አልትራማሪንና በርንት ሲየናን ይለማመዱ፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ከሰማያዊ ግራጫ እስከ ሞቅ ያለ ጥቁር ድረስ ስለሚሰጡ ጥቁር ቱቦ መግዛት አያስፈልግም። አረንጓዴውንም ከቱቦ ከመውሰድ ከቢጫና ከአልትራማሪን ቀላቅለው በጥቂት በርንት ሲየና ቢያበርዱት የስፕሩሱን ጥልቅ አረንጓዴ ያገኛሉ።

አንድ ትዕይንት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት በበረዶ ውስጥ የቆሙ በርቾችንና ከሥራቸው የተቀመጠች ነጭ ጥንቸልን እንውሰድ። ንድፉን ከሥሩ መብራት ባለው የብርሃን ሰሌዳ ወይም በመስኮት መስታወት ላይ አድርገው በቀላል እርሳስ ወደ ወረቀቱ ያስተላልፉ፤ ወረቀቱን በሰሌዳ ላይ የሚለጥፉ ከሆነ ይህ ከመለጠፉ በፊት ይከናወናል። ላጲስ የወረቀቱን ፊት ስለሚያቆስል ማጥፋት ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ብሩሽ ዙሪያውን ሊዞራቸው የማይችሉ ቀጫጭን ቅርንጫፎችን ቀለም በማያሳልፍ ፈሳሽ ሙጫ ይሸፍኑ፤ ሙጫው ደረቅ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀባል፤ ብዙ ቀን ከቆየም ሲላጥ ወረቀቱን ይዞ ሊነሣ ይችላል።

ሰማዩን በንጹሕ ውሃ ያርጥቡ። በአድማሱ አጠገብ ቀጭን ሮው ሲየና፣ ከሱ በላይ ሮዝ፣ ከላይ ደግሞ አልትራማሪን ያፍስሱ። ሮዙ መሐል የሚገባው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቢጫማውና ሰማያዊው በቀጥታ ከተገናኙ ሰማዩ ወደ አረንጓዴ ያደላል። አሁን ሰሌዳውን ከፍ አድርገው ወረቀቱን በጎን ይመልከቱት። ውሃው የሚያብለጨልጭ ከሆነ ይጠብቁ፤ ብልጭታው ጠፍቶ ወረቀቱ ገና እርጥብ እንደሆነ፣ ውሃ ያነሰውና ወፈር ያለ ቀለም በያዘ ብሩሽ የሩቆቹን ስፕሩሶች ይንኩ፤ ጠርዛቸው በራሱ ይለሰልስና ጭጋግ ውስጥ የቆሙ ይመስላሉ። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ብሩሹ ላይ ከወረቀቱ የበለጠ ውሃ ካለ፣ ውሃው ቀለሙን ገፍቶ ጠርዙ የተሰነጣጠቀ እድፍ ይፈጥራል። ይህ ከተከሰተ አይነካኩት፤ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ቁጥቋጦ አድርገው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ወረቀቱ በሚገባ ይድረቅ። የእጅዎን ጀርባ ሲያስነኩት ከቀዘቀዘ ገና እርጥበት አለው። ከዚያ በበርቾቹ መካከል ያለውን ክፍተት በጠቆረ ቀለም ይሙሉ፤ ግንዶቹ ራሳቸው ሳይቀቡ ወደ ፊት ብቅ ይላሉ። ብርሃኑ ከግራ ከመጣ በየግንዱ ቀኝ ጎን ቀጭን ሰማያዊ ግራጫ አውርደው ወደ መሐሉ በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ያለስልሱት። የቅርፊቱ ምልክቶች የሚሳሉት ደረቅ ሊባል በሚችል ብሩሽ፣ ከግንዱ ጠርዝ ወደ ውስጥ፣ አግድም ነው፤ የግንዱን ክብነት ተከትለው በጥቂቱ ይጎብጡ፤ ርዝመታቸውና ርቀታቸው አይመሳሰል። ቅርንጫፍ በወጣበት ወይም በተቀነጠሰበት ቦታ ላይ ወደ ታች የወረደ የቅንድብ ቅርጽ ያለው ጥቁር ጠባሳ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ያክሉ። ምልክት ማብዛት በርቹን የሜዳ አህያ ያስመስለዋል።

የበረዶውን ጥላ ለመሳል በቂ ቀለም አስቀድመው ቀላቅለው ይያዙ። እያንዳንዱ ጥላ ከግንዱ ሥር ተነሥቶ የመሬቱን ወጣ ገባ ተከትሎ በአንድ ጊዜ ይውረድ፤ ከግንዱ አጠገብ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ ሲርቅ ደግሞ የለሰለሰ ይሁን። ተመልሶ መነካካት የበረዶውን ንጽሕና ያጠፋዋል።

ጥንቸሏ ነጭ ወረቀት ናት። በዙሪያዋ ያለው ጥላ ይገልጣታል፤ በብርሃኑ በኩል ያለው ጠርዟ ከበረዶው ጋር ቢቀላቀል አይጨነቁ፤ የልጁ ዓይን የጎደለውን መሥመር ራሱ ያሟላዋል። የሆዷ ሥር ቀጭን ሰማያዊ፣ ፊቷ ላይ ደግሞ የሰማዩ ሮዝ ጥቂት ይረፍበት። ዓይኗንና የጆሮዋን ጫፍ መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ነገር ከደረቀ በኋላ፣ ሥዕሉ ውስጥ ባለው እጅግ ጥቁር ቀለም ይሥሩ፤ በዓይኗ ውስጥ የቀረችው ያልተነካች ነጥብ ሕይወት ትሰጣታለች። በመጨረሻ ሙጫው ይላጥ። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ስለሚፈዝዝ፣ ሥዕሉ ከመድረቁ በፊት ጨለማው በዝቷል ብለው አይፍረዱ።

አንድነቱን መጠበቅና ለኅትመት ማዘጋጀት

ገጾቹን በታሪኩ ቅደም ተከተል ከመሳል ይልቅ፣ አንድ ዓይነት ብርሃን ያላቸውን አብሮ መሳል የተሻለ ነው፤ የማታዎቹ በአንድ ሰሞን፣ የማለዳዎቹ በሌላ። የእያንዳንዱን ትዕይንት ዋና ድብልቅ በትርፍራፊ ወረቀት ላይ ቀብተው ከምን እንደተቀላቀለ ይጻፉበት። እጅ በሥራ ላይ እየተፍታታ ስለሚሄድ የመጀመሪያውን ገጽ መጀመሪያ አይሳሉት፤ ከመሐል አንድ ቀላል ትዕይንት መርጠው ይጀምሩ።

ሥዕሉ በመጽሐፉ እውነተኛ መጠን ወይም በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይሠራ፤ ሲታተም ጠርዙ ስለሚቆረጥ በየጎኑ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይጨመርበት። ስካን ሲደረግ በመጨረሻው የኅትመት መጠን በኢንች 300 ነጥብ በቂ ነው፤ የሚያሳድጉት ከሆነ በ600 ይቀዳ። ስካነር እጅግ ቀጫጭን የሆኑትን ቅብ ነጭ አድርጎ የማለፍ ዝንባሌ ስላለው፣ የበረዶው ፈዛዛ ጥላ በሰነዱ ላይ መኖሩን ከዋናው ሥዕል ጎን እያነጻጸሩ ያረጋግጡ። አልትራማሪን በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ሲታተም ድምቀቱን በመጠኑ ያጣል፤ ስለዚህ ሁሉንም ገጾች ከማስረከብዎ በፊት የማታውን ትዕይንት በሙከራ አሳትመው ይመልከቱ። ዋናዎቹን ሥዕሎች አሲድ በሌለው ወረቀት እየለዩ፣ ብርሃንና እርጥበት በማይደርስበት መሳቢያ ውስጥ በጠፍጣፋው ያስቀምጡ፤ አሳታሚው ድጋሚ ስካን ቢጠይቅ የሚያስፈልጉት እነሱ ናቸው።